ለቲሸርት ሲሆን የሚከፈት አፍ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። መቀየም ትችላላችሁ። አፋችን በዝቷል። መብዛቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። የከፋው የሚከፈትበት ቦታ ነው። ቀላል ነገር ሲመጣ ሁላችንም ጠበቃ ነን፣ ዳኛ ነን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነን። ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ አንገታችንን ደፍተን ስልካችንን እንነካካለን።

የፊልም ተዋናዩ ዊል ስሚዝ የኦስካር ሽልማት መድረክ ላይ ወጥቶ በሚስቱ የቀለደውን ኮሜዲያን ክሪስ ሮክን በጥፊ ያጮለው ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ማርች 27 ቀን 2022 ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለመርሳት የሚከብድ ነገር ነው፤ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረንማ። «የሚስቱን ክብር ነው ያስጠበቀው» ያለ አለ። «በጥፊ ክብር አይጠበቅም» ያለ አለ። ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ እያጫወተ እጁ ጉንጩን በትክክል መንካቱን የመረመረ አለ። «ድራማ ነው፣ ተነጋግረውበታል» ብሎ የማለም አልጠፋም። የምሳ ሰዓት ያልቃል፣ ክርክሩ አያልቅም። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ስሚዝን ለ10 ዓመት ከዝግጅቶቹ ሲያግደው ደግሞ ሁለተኛ ዙር ተጀመረ። በዛ፣ አነሰ። የማናውቀው ሰው የማናውቀውን ሰው መታ፤ እኛ ለቅጣቱ ሂሳብ ሠራን።

ከጥፊው ከ8 ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 4፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን አንድ ሪፖርት አወጣ። የምድር ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ የዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ቢዘገይ ቢዘገይ ከ2025 በፊት መጨመሩን ማቆም አለበት ይላል። ሦስት ዓመት እንኳ የማይሞላ ቀጠሮ ነው። ዝናቡን፣ ማሳውን፣ የልጆቻችንን ዕድሜ የሚነካ ቀጠሮ። በዚያ ሳምንት ስለዚህ ጉዳይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተከራከረ ጓደኛ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ቀጠሮው አለፈ። ጥፊው ግን ዛሬም ሲነሳ ሁላችንም የምንለው አናጣም።

ይሄ የኛ ብቻ አመል አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ሲሪል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የታሪክ ምሁር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምናባዊ ስብሰባ አለ። አንደኛው አጀንዳ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ የኑክሌር ማብላያ ነው። በ2 ደቂቃ ተኩል ያልፋል። ሁለተኛው 350 ፓውንድ የሚፈጅ የሠራተኞች ብስክሌት ማቆሚያ ነው። ጣሪያው ከምን ይሠራ በሚል ብቻ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ሦስተኛው ለስብሰባ የሚቀርብ መስተንግዶ ነው። እሱማ አንድ ሰዓት ከሩብ በላ።

ሰውየው ያስቃል፤ ግን ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዳንዱ ማብላያ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሌላው ምን እንደሚሠራ ቢያውቅም ስንት ማውጣት እንዳለበት አያውቅም። አለማወቃቸውን ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። አንድ የሚያውቅ አለ፤ እሱ ደግሞ ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው ብሎ ይተወዋል። ብስክሌት ማቆሚያውን ግን ሁሉም በዓይነ ሕሊናው ያየዋል። ስለዚህ ሁሉም ይናገራል። ንግግራችን በጉዳዩ ክብደት አይደለም የሚረዝመው፤ እኛ አዋቂ መስለን ለመታየት በሚመቸን መጠን ነው።

እኔም አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ይህንኑ ስብሰባ ተሰብስቤዋለሁ። ማብላያ አልነበረንም እንጂ ሌላው ሁሉ ነበረን። አንደኛ አጀንዳ፦ የሠራተኛው የጤና መድን ወደ ሌላ ኩባንያ ሊዛወር ነው። ሰነዱ አስቀድሞ በኢሜይል ተልኳል። ረጅም ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ሰብሳቢው «ሁላችሁም አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ፤ ጥያቄ አለ?» አሉ። አንድ ሰው አሳለ። ከቤት በስክሪን የገባ አንድ ባልደረባ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ማይኩ ዝግ ነው። «ድምፅህ አይሰማም» ተባለ። «አይ፣ ምንም አይደለም፣ ቀጥሉ» አለ። ቀጠልን።

ሁለተኛ አጀንዳ፦ ለሠራተኞች ቀን የሚታተም ቲሸርት። አቤት! እንቅልፍ የጣለው ሁሉ ነቃ። «ጥቁር ሰማያዊ ይሁን» ተባለ። «ሰማያዊ አምና ነበር» ተባለ። «አረንጓዴ ፊት ያጠቁራል» ያለችው ባልደረባችን ከሦስት አቅጣጫ ተቃውሞ ገጠማት። አርማው ደረት ላይ ይሁን ጀርባ ላይ? ጀርባ ላይ ከሆነ መፈክሩ የት ሊገባ ነው? ማይኩ ዝግ የነበረው ልጅ ማይኩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አስተዋይነት የተሞላበት ንግግር አደረገ። መጨረሻ ላይ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቃለ ጉባኤው ሲወጣ መድኑ አንድ መስመር ነበር፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። ቲሸርቱ ገጽ ተኩል።

ወራት አለፉ። የአንዱ ባልደረባችን ልጅ ታመመ። ሆስፒታል ሄዶ ካርዱን ሲያወጣ የቀድሞው መድን ይሸፍነው የነበረውን አዲሱ አይሸፍንም ተባለ። ቢሮ መጥቶ ጮኸ። «ይሄ መቼ ነው የተቀየረው? ማን ነው የፈቀደው?» የአስተዳደሯ ሠራተኛ ፋይሉን አወጣችና ስሙን በጣቷ አሳየችው። «እዚህ ጋ ፈርመሃል» አለችው። ልጁ ዳነ፣ ደግነቱ። ዕዳው ግን ብዙ ጊዜ ተከተለው። በስብሰባው ላይ የቲሸርቱ ክሩ ጥጥ መሆን አለበት ብሎ የሞገተው እሱ ነበር።

አስተዳደሩን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ደቃቅ ፊደልና ረጅም ሰነድ በአጋጣሚ አይመጣም፤ ዝም እንድንል የሚመች ሰነድ ሆን ብሎ የሚያዘጋጅ አለ። ግን «ጥያቄ አለ?» ሲባል አፋችንን የዘጋብን ማንም አልነበረም። «አልገባኝም» ማለት ሞት ሆኖብን ነው። አዋቂ መስለን ተቀምጠን አጀንዳው አለፈ።

ወደ ዜናው እንምጣ። ይሄኛው ከቲሸርት የከበደ ስለሆነ ቀልዱን ላቁም።

ጁን 14 ቀን 2023 አንድ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ከግሪክ ፒሎስ አቅራቢያ ባሕር ላይ ሰጠመ። ከሊቢያ ተነስቶ ወደ ጣሊያን ሲያመራ ነበር። እስከ 750 የሚደርሱ ስደተኞችን ጭኖ እንደነበር ተገምቷል። በሕይወት የተረፉት 104 ናቸው። ሴቶችና ሕፃናት ከታች፣ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ እንደነበሩ የተረፉት ሰዎች ተናገሩ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁን 18፣ ታይታን የምትባል ትንሽ ጠላቂ ጀልባ የታይታኒክን ስብርባሪ ሊያዩ የወረዱ 5 ሰዎችን እንደያዘች ግንኙነቷ ተቋረጠ።

ያን ሳምንት ስለ የትኛው እንዳወራን ታውቃላችሁ። «96 ሰዓት የሚበቃ ኦክስጅን አላቸው» ከተባለ በኋላማ ሰዓቱን አብረን ቆጠርን። 40 ቀራቸው፣ 20 ቀራቸው። ከዚያ በፊት ስለ ጥልቅ ባሕር ግፊት አንድ ቀን አስበን የማናውቅ ሰዎች ጀልባዋ ስለተሠራችበት ካርቦን ፋይበር ማስረዳት ጀመርን። ጀልባዋ በጌም መጫወቻ መቆጣጠሪያ እንደምትነዳ ሁላችንም አወቅን፤ ቀለድንበትም። ጁን 22 ስብርባሪዋ ተገኘ። ጀልባዋ የተሰባበረችው ገና በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ያንን ሁሉ ሰዓት የቆጠርነው ለሞቱ ሰዎች ነበር።

ለአምስቱ ማዘናችንን አልኮንንም። ሰው ናቸው፣ ቤተሰብ አላቸው፤ ቀልዱ ራሱ ነውር ነበር። ግን ከሌላኛው መርከብ የአንድ ሰው ስም የምታውቁ አላችሁ? ጭኖት የሄደውን ሰው ብዛት እንኳ አሁን ከላይ ካላነበባችሁት በቀር ታውቁት ነበር? «ዜና አቅራቢዎቹ ናቸው ጥፋተኞቹ» እንዳትሉኝ። ስለ ፒሎስም ተዘግቧል፤ በደንብ ተዘግቧል። የጋዜጠኛው አለቃ የሚያየው እኛ የነካነውን ነው። የነካነው ደግሞ ሰዓት ቆጣሪ ያለውን ነው። የስደተኞቹ ወሬ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ማን አሻገራቸው? ማን አልደረሰላቸውም? ለምን ነው በሕጋዊ መንገድ መሄድ የማይችሉት? እዚህ ላይ አስተያየት ለመስጠት ማንበብ ይጠይቃል። ስለ ጌም መቆጣጠሪያው ለመቀለድ ግን ምንም አይጠይቅም።

ስለ ማንበብ ከተነሳ አይቀር፣ ሼር ስለምታደርጉት ነገርም ልናገር። በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳዩ የኮምፒዩተር ምርምር ተቋም የኢንሪያ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ የሚጋሩ የዜና ማስፈንጠሪያዎችን አጥንተው ነበር። ከተጋሩት ውስጥ 59 በመቶው አንድም ሰው ከፍቶ አላያቸውም። ርዕሱ ብቻ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሄደው። በ2020 ትዊተር ራሱ አፍሮ «ከማጋራትህ በፊት አታነበውም?» የሚል ጥያቄ ማሳየት ጀመረ። አስቡት፣ ማሽን ነው የሚገሥጸን።

ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የ2018 ጥናት ደግሞ ይብሳል። ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተዛመቱ 126,000 ያህል ወሬዎችን አዩ፤ ያዛመቱት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናቸው። የውሸት ዜና ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። «ሮቦቶች ናቸው» እንዳይባል ሮቦቶቹን አውጥተው ድጋሚ አሰሉት። ውጤቱ ያው ሆነ። እኛው ነን። ውሸቱ አዲስ ነገር ስለሚመስል፣ ቀድሞ የነገረ ሰው ደግሞ አዋቂ ስለሚመስል፣ እጃችን ቶሎ ይሄዳል።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባል ነበር። እኛ የምንጨምርበት የሚያለቅስ ፊትና ሦስት ቃለ አጋኖ ነው። ሲጠየቁ መልሱም ተዘጋጅቷል፤ «እኔ እንደተላከልኝ ነው የላክሁት»። ወይም «ለጥንቃቄ ያህል ነው»። ይሄ «ለጥንቃቄ ያህል» የሚባለውን ነገር አልወደውም። ጥንቃቄ ከመላክ በፊት ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ ካላመናችሁ የ2013ቱን የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ አስታውሱ። ፍንዳታው ኤፕሪል 15 ደረሰ። ወዲያው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ፎቶ እያጎሉ መርማሪ ሆኑ። ቦርሳ የያዘውን ሁሉ በቀይ ከበቡ። አንድ ተማሪ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ልጁ ከፍንዳታው በፊት ከቤቱ የጠፋ ነው። ቤተሰቡ ይፈልገው ነበር። ልጃችንን ያያችሁ ብለው የከፈቱት የፌስቡክ ገጽ በስድብ ተጥለቀለቀ። በኋላ ልጁ ከፍንዳታው ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረው ታወቀ። አስከሬኑም ተገኘ። ቤተሰቡን ይቅርታ የጠየቁ ጥቂቶች ናቸው። የተቀሩት ሌላ ወሬ ላይ ደርሰዋል።

እና ወገኖቼ፣ የማታውቁትን ሰው ፎቶ ስትልኩ የምትሠሩት ሥራ ይሄው ነው። «ሌባው ይኸውና፣ ሼር አድርጉ» የሚል ነገር ሲመጣ ጣታችሁን ሰብስቡ። ሌባ ከሆነ የሚይዘው አለ። ካልሆነ ግን ስሙን ማን ይመልስለታል? አንተ? ነገ ስልክህን ቀይረህ ቻቱ ሁሉ ጠፍቶልህ?

እዚህ ላይ ገዳም ግቡ እንዳልኩ እንዳይቆጠር። ሐሜት አልጠላም። ከሥራ በኋላ ስለ ታዋቂ ሰዎች ፍቺ፣ ስለ ተከታታይ ፊልሙ መጨረሻ፣ ስለዚያ ዘፋኝ የፀጉር ቀለም ማውራት ነፍስን ያሳርፋል። ቀኑን ሙሉ ከቁጥርና ከኢሜይል ጋር ሲታገል የዋለ ሰው ማታ ስለ ከባድ ነገር ካላወራህ ቢሉት ያብዳል። ደግሞ ስለ ፊልም ተከራክሮ የተጣላ ሰው ቶሎ ይታረቃል። (ገና ያላየሁትን ክፍል መጨረሻ የነገረኝን ሰው ግን እስካሁን ይቅር አላልኩም።) የአድናቂዎች ጦርነት ብቻ አይገባኝም። አርቲስቶቹ እርስ በርስ ሰላም ተባብለው ፎቶ ይነሳሉ፤ እዚህ ማዶ ሁለት አብሮ አደጎች ይዘጋጋሉ። እሱን እለፉት።

የምቆጣው ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ሲያልቅ ነው። ምክንያቱም ጉልበት ያልቃል። ትዕግሥትም ያልቃል። ቀኑን ሙሉ በማያገባን ነገር ስንቆጣ ውለን፣ በሚያገባን ነገር የምንቆጣበት አቅም አናገኝም። ይሄንን ለማየት ሩቅ አትሂዱ፤ የሥራ ሰዓታችሁን ተመልከቱ።

አለቃ ማታ መልእክት ይልካል። «ለነገ ጠዋት ቢደርስ ደስ ይለኛል» ይላል። ስልኩ ሲጮህ ሚስትህ ፊትህን ታያለች። «ማን ነው?» «አይ፣ ሥራ ነው።» ተነስተህ ላፕቶፑን ትከፍታለህ። የሠራተኞች ግሩፕ ላይ ከምሽቱ በኋላ የሚላከው መልእክት ብዛት፣ እሱን ተከትሎ የሚወርደው «እሺ ደርሶኛል» ብዛት! በነገራችን ላይ 40 ሰው አንድ በአንድ «እሺ ደርሶኛል» የሚልበት ግሩፕ መዘጋት አለበት ባይ ነኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን በቀጥታ ለአለቃው አንድ ቃል የተናገረ የለም። በግል ቻት ግን ስድቡ ይዘንባል። ከስድቡ በኋላ ስለ ዘፋኙ ፍቺ ይቀጥላል።

ሌላው ዓለም ይሄን ነገር በግል ቻት አልፈታውም። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለሚላክ መልእክት ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ አስገደደች። ፖርቱጋል በ2021 ሠራተኛውን በዕረፍት ሰዓቱ የሚያስቸግር ቀጣሪ የሚቀጣበትን ሕግ አወጣች። አውስትራሊያ በ2024 ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚመጣ መልእክት አለመመለስ መብቱ ነው አለች። እነዚህን ሕጎች ያመጡ ሰዎች አሰልቺ ሰዎች ናቸው ብዬ እገምታለሁ። አንቀጽ የሚያነቡ፣ ረቂቅ የሚመልሱ፣ ስብሰባ ላይ «ይሄ ሐረግ ምን ማለት ነው?» ብለው ሰው የሚያስቆጡ።

የ8 ሰዓት ሥራ የሚባለውስ ከሰማይ ወረደ እንዴ? ሜይ 1 ቀን 1886 አሜሪካ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለእሱ ብለው ሥራ አቆሙ። በቺካጎ ደም ፈሰሰ፣ ሰውም ተሰቀለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 ሲቋቋም የመጀመሪያ ስምምነቱ ስለዚህ ነበር፤ በኢንዱስትሪ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት። 33 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ያን ጊዜም ጥፊ ነበር፣ ቅሌት ነበር፣ የተዋናይት ፍቺ ነበር። ጋዜጦቹ በሱ ነበር የሚሸጡት። አንዳንድ ሰዎች ግን ወሬውን አውርተው ሲጨርሱ ወደ ስብሰባው ተመለሱ።

«እኛን ማን ይሰማናል?» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ለጥፊውስ ማን ሰማን? ዊል ስሚዝ የኛን ኮሜንት አንብቦ ተጸጸተ? አልሰማንም፤ እኛም ይሰማናል ብለን አልነበረም የጻፍነው። የማይሰማ ሰው ላይ ያንን ሁሉ ከጮህን፣ ከኛ ሁለት ክፍል አልፎ የሚቀመጠውን አለቃ ደግሞ አንድ ጊዜ ብንሞክረው ምን እንከስራለን? መቆጣት አያስፈልግም። «ማታ የላኩልኝን ነገ ጠዋት አየዋለሁ» ማለት ይበቃል። ብቻችሁን ከፈራችሁ ሦስት ሆናችሁ በሉ። የቲሸርቱ ንዑስ ኮሚቴ በአንድ ቀን ነው አባል ያገኘው፤ የሥራ ሰዓት ኮሚቴስ ምን ይከለክለዋል?

ለዚህ ግን መጀመሪያ የተፈራረማችሁትን ማወቅ አለባችሁ። የቅጥር ውላችሁ ከመሳቢያ ውስጥ ነው፣ ወይም ኢሜይላችሁ ውስጥ ነው። አሁን፣ ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ አውጡት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስንተኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ ሳታዩ መናገር የምትችሉ እጃችሁን አውጡ።